ፋይዳ አለኝ፤ ዋስ ግን የለኝም

በአምቦ፣ በጉደር ወይም በጊንጪ የመብራት ምሰሶ ላይ የሚለጠፉትን የሥራ ማስታወቂያዎች ቆም ብላችሁ አንብባችሁ ታውቁ ይሆናል። ካሸር፣ አስተናጋጅ፣ ሾፌር፣ ንብረት ክፍል ሠራተኛ። የትምህርት ደረጃ ይጻፋል፣ የሥራ ልምድ ይጻፋል፣ ደመወዝ «በስምምነት» ይባላል። ከዚያ የመጨረሻዋ መስመር ትመጣለች፤ «በቂ ዋስ ማቅረብ የሚችል/የምትችል»። አንዳንዱ ጋ «ተያዥ» ትባላለች። ስሟ ይለያይ እንጂ ሥራዋ አንድ ነው። ከላይ የተጻፈውን ሁሉ የሚያሟላውን ልጅ ከበር ትመልሰዋለች።

አሁን ደግሞ ሌላ መስመር እየተጨመረች ነው፤ «የፋይዳ መታወቂያ ያለው/ያላት»። ይህቺኛዋ አዲስ ናት፣ ዘመናዊ ናት፣ መንግሥትም ይደግፋታል። እኔም እደግፋታለሁ። ጥያቄዬ አንድ ነው። አዲሷ መስመር ስትገባ አሮጌዋ ለምን አትወጣም? ፋይዳ የዋስን ቦታ ካልተካና በዋስ ላይ ከተደረበ፣ ለሥራ ፈላጊው ነገሩ በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ ነው የሚሆነው።

ጉዳዩን ከሐሮ ወንጪ ብንጀምረው ይገባናል። ሐሮ በኦሮምኛ ሐይቅ ማለት ነው። ወንጪ በአስተዳደር ደቡብ ምዕራብ ሸዋ ይሁን እንጂ ለአምቦ ሰው እንደ ጓሮው ነው፤ ከአምቦ ወደ ወሊሶ በሚያወጣው መንገድ ላይ ይገኛል። እ.ኤ.አ. በ2021 የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ምርጥ የቱሪዝም መንደሮች ብሎ ከመረጣቸው 44 መንደሮች አንዱ ሆኗል። ከጎርጎራና ከኮይሻ ጋር በ«ገበታ ለሀገር» ታቅፎ መንገድና ሎጅ ተሠርቶለታል።

ድሮ ወንጪ ላይ እንግዳ ሲመጣ ፈረስ የሚያቀርበው፣ መንገድ የሚመራው፣ ጀልባ የሚቀዝፈው የአካባቢው ሰው ነበር፤ ሥራውም በማኅበር፣ በተራ ይሠራ ነበር። እዚያ መታወቂያ የሚጠይቅ የለም፤ ምክንያቱም የማን ልጅ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ቢያጠፋ አባቱ ይጠየቃል፣ ሽማግሌ ይቀመጣል። ዛሬ ግን ሥራው እየተቀየረ ነው። እንግዳ ማረፊያ፣ ሬስቶራንት፣ ጥበቃ፣ አትክልተኛ፣ ሾፌር፣ ሁሉም በፔሮል የሚከፈለው ሥራ እየሆነ ነው። ቀጣሪው ከአዲስ አበባ ወይም ከሌላ ከተማ የመጣ ሥራ አስኪያጅ ነው፤ የልጁን አባት አያውቅም፣ ሽማግሌውንም አያውቅም። የማያውቁት ሰው የማያውቁትን ሰው ሲቀጥር ማጣራት ግድ ይላል። እዚህ ላይ ጠብ የለኝም። ጠቤ በምን እናጣራ የሚለው ላይ ነው።

ዋስ ምን ያጣራል?

እስኪ የዋስን አሠራር ለማያውቅ ሰው እናስረዳው። በተለመደው አሠራር ዋስ የሚሆነው ሰው ቋሚ ደመወዝተኛ መሆን አለበት። ቢቻል የመንግሥት ሠራተኛ። ከመሥሪያ ቤቱ የደመወዙን መጠን የሚገልጽ ደብዳቤ ያጽፋል። ደብዳቤው ላይ ብዙ ጊዜ «ለሌላ ሰው ዋስ አልሆነም» የሚል ይገባበታል። ማለትም አንድ ደመወዝተኛ ዘመድ ለአንድ ሰው ብቻ ነው የሚበቃው። በቤተሰቡ ውስጥ አንድ መምህር ካለና ለታላቅ ወንድምህ ዋስ ከሆነ፣ ያንተ ዕድል አለቀ።

ስለዚህ ዋስ የሚያጣራው አንተን አይደለም። የሚያጣራው በቤተሰብህ ውስጥ ደመወዝተኛ መኖሩን ነው። በኢኮኖሚክስ ትምህርት ቤት «የመረጃ አለመመጣጠን» እያልን የተማርነው ነገር አለ፤ ጆርጅ አከርሎፍ እ.ኤ.አ. በ1970 ያገለገሉ መኪኖችን ገበያ ምሳሌ አድርጎ የጻፈበት። ሻጩ የመኪናውን ጉድ ያውቃል፣ ገዢው አያውቅም፤ ገዢው ስለሚፈራ ጥሩውም መኪና በመጥፎው ዋጋ ይታያል። የቀጣሪም ፍርሃት ይኸው ነው። ታማኙን ከሌባው መለየት ስላልቻለ ሁሉንም በአንድ ዓይን ያያል። መፍትሔ ብሎ ያመጣው ዋስ ግን ታማኙን ከሌባው አይለይም፤ ዘመድ ያለውን ከሌለው ነው የሚለየው። ደመወዝተኛ አጎት ያለው ሌባ ያልፋል፤ የገበሬ ልጅ የሆነ ታማኝ ይቀራል። የሚያውቁት ሰይጣን ከማያውቁት መልአክ ይሻላል የሚለው ተረት በቅጽ ተዘጋጅቶ ማኅተም ሲደረግበት ማለት ይኸው ነው።

እኔም ከዩኒቨርሲቲ በወጣሁ ሰሞን ደርሶብኛል። ስሙን የማልጠራው አንድ ድርጅት የጽሑፍ ፈተናውንም ቃለ መጠይቁንም ካሳለፈኝ በኋላ ሁለት ዋስ አምጣ አለኝ። አንዱን አገኘሁ። ለሁለተኛው ሦስት ሳምንት ስዞር ቦታው በሌላ ሰው ተያዘ። እኔ የከተማ ልጅ ነኝ፤ ቢያንስ አንዱን አግኝቻለሁ። ከወንጪ ገጠር መጥቶ አብሮኝ የተማረው ልጅ ግን አንድም የሚጠይቀው ደመወዝተኛ አልነበረውም። ውጤቱ ከእኔ ይበልጥ ነበር። ሥራ ለመያዝ የፈጀበት ጊዜም ከእኔ በጣም ይበልጥ ነበር።

ደላላው የሚገባው በዚህ ክፍተት ነው። ለቤት ሠራተኛና ለአስተናጋጅ «ዋሱ እኔ ነኝ» ይላል። ልጅቷ ከመጀመሪያ ደመወዟ ለእሱ ትከፍላለች። በሌላ አነጋገር፣ ዘመድ የሌለው ሰው ዘመድ ይከራያል።

የቀበሌ መታወቂያም ቢሆን ከዚህ ብዙ አይርቅም። ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ስትሄድ መሸኛ ያስፈልግሃል፤ መሸኛውን ለማግኘት ተመልሰህ መሄድ አለብህ፤ አዲሱ ቀበሌ ደግሞ የቤት አከራይህን ምስክርነት ይፈልጋል። በብዙ ቦታ ካርዱ ላይ ብሔር የሚል መስመር ነበረበት። ያቺን መስመር አይቶ ፊቱን ያጠቆረ ቀጣሪ እንዳለ የማያውቅ ማን ነው? ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 41 ማንኛውም ኢትዮጵያዊ በሀገሪቱ በየትኛውም ቦታ ሠርቶ የመኖር መብት አለው ይላል። መብቱ አለ፤ መንገዱ ላይ ግን መሸኛና ዋስ ቆመዋል።

ፋይዳ የሚመልሰውና የማይመልሰው

የኢትዮጵያ ዲጂታል መታወቂያ አዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሲወጣ ለዚህ ችግር ግማሽ መልስ መጣ። ፋይዳ የአሥር ጣት አሻራ፣ የሁለት ዓይን ምስልና የፊት ፎቶ ይዞ አንድን ሰው አንድ ጊዜ ብቻ ይመዘግባል። ምዝገባው በነፃ ነው። ብሔር የሚል መስመር የለውም። አንድ ተቋም ሲጠይቅ «ይህ ሰው ነኝ የሚለው ሰው ነው ወይስ አይደለም?» ለሚለው በኦንላይን አዎ ወይም አይደለም ብሎ መመለስ ይችላል። ባንኮች ጀምረውታል፤ ብሔራዊ ባንክ በአዲስ አበባ አዲስ ሒሳብ ለመክፈት ፋይዳን ግዴታ ያደረገው ከታኅሣሥ 23 ቀን 2017 ዓ.ም. ጀምሮ ነው።

ልብ በሉ፤ ባንክ ሒሳብ ስትከፍት ዋስ አይጠይቅህም። ማን እንደሆንክ አጣርቶ ሒሳቡን ይከፍትልሃል። ታዲያ ሰኞ ፋይዳህን አይቶ ሒሳብ የከፈተልህ ከተማ፣ ማክሰኞ በዚያ ሒሳብ ደመወዝ የሚገባበትን ሥራ ስትጠይቅ «ማን ያውቅሃል?» ይልሃል።

ሁለት ነገር ግን እንዳናምታታ። አንደኛ፣ ፋይዳ ለነዋሪ የሚሰጥ ነው፤ የዜግነት ማረጋገጫ አይደለም፣ የሥራ ፈቃድም አይደለም። የውጭ ዜጋ በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት ለመቀጠር የሥራ ፈቃድ ያስፈልገዋል፤ ያ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ነው የሚወጣው። ለኢትዮጵያዊ ግን የሥራ ፈቃድ የሚባል ነገር የለም። ስለዚህ ለአምቦና ለወንጪ ልጅ ቀጣሪው በሕግ ማጣራት ያለበት ጥቂት ነገር ነው፤ ሰውየው ማን እንደሆነ፣ ዕድሜው 15 ዓመት መሙላቱን፣ ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ለወጣት ሠራተኛ የተከለከለ ሥራ አለመሆኑን።

ሁለተኛ፣ ፋይዳ ጠባይን አያውቅም። ሰውየው ሰዓት እንደሚያከብር፣ እጁ እንደማይረዝም፣ እንግዳ እንደማያመናጭቅ አይናገርም። ለዚህ ሕጉ ሌላ መሣሪያ ሰጥቷል፤ የሙከራ ጊዜ ይባላል። አዋጅ 1156 የሙከራ ጊዜውን 60 የሥራ ቀናት አድርጎታል፤ በቀድሞው አዋጅ 377 ግን 45 ቀን ነበር። ሕግ አውጪው ለቀጣሪው 60 የሥራ ቀን መፈተኛ ሰጥቶት እያለ፣ ቀጣሪው ገና በመጀመሪያው ቀን የአጎትህን ደመወዝ የሚጠይቅበት ምክንያት አይታየኝም።

ከባሕር ማዶ ምን እንቅዳ?

አሜሪካ ያላችሁ ዘመዶቻችን ኢ-ቬሪፋይ የሚባለውን ታውቁታላችሁ። እ.ኤ.አ. በ1996 በወጣ የኢሚግሬሽን ሕግ ተጀምሮ፣ ቀጣሪው አዲስ ሠራተኛ አይ-ናይን በሚባለው ቅጽ ላይ የሞላውን መረጃ ከመንግሥት መዝገብ ጋር በኦንላይን ያመሳክርበታል። የእነሱ ጥያቄ ከእኛ ይለያል። እነሱ የሚጠይቁት «ይህ ሰው እዚህ አገር የመሥራት ፈቃድ አለው?» ብለው ነው። የኛ ጥያቄ «ይህ ሰው ማን ነው?» ነው። የስደተኛውን እንጀራ የሚነካ ስለሆነም እዚያው አገር ብዙ የሚያከራክር ሥርዓት ነው።

ቢሆንም ሦስት ደንቦቹ ለእኛ ይጠቅማሉ። አንድ፣ ቀጣሪው ማጣራት የሚችለው ሥራውን ሰጥቶ ሰውየው ከተቀበለ በኋላ ነው፤ አመልካቾችን ለማንጓለል መጠቀም ክልክል ነው። ሁለት፣ መረጃው ካልተመሳከረ ለሠራተኛው ይነገረዋል፤ ልክ አይደለም ብሎ ለመከራከር ከፈለገም የሚመለከተውን መሥሪያ ቤት ለማነጋገር ስምንት የፌዴራል የሥራ ቀናት ይሰጠዋል። ሦስት፣ ጉዳዩ እስኪጣራ ድረስ በዚያ ምክንያት ማባረር ወይም ከሥራ ማገድ አይቻልም። ማሽን ሊሳሳት ይችላል፤ ማሽኑ ሲሳሳት የሚራበው ግን ሰው ነው።

ሕንድ ደግሞ ሌላ ትምህርት አላት። ፋይዳ የተገነባበት ሞሲፕ የተባለው ክፍት ሶፍትዌር መነሻው ከባንጋሎር ነው፤ ሕንድ አድሃር የሚባል የራሷ መታወቂያ አላት። እዚያ በጉልበት ሥራ ጣታቸው የተፋቀ ሰዎች አሻራቸው አልነበብ ብሎ ከራሽን ሱቅ ባዶ እጃቸውን የተመለሱበት አጋጣሚ ብዙ ተዘግቧል። የሀገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በመስከረም 2018 የግል ድርጅቶች አድሃርን ለማጣሪያ እንዲጠቀሙ የሚፈቅደውን አንቀጽ ሽሮታል። በአምቦ ዙሪያ ድንጋይ የሚፈልጠውን፣ ሲሚንቶ የሚያቦካውን፣ ከልጅነቱ ዶማ የያዘውን ወንድማችንን አስቡት። አሻራ ብቻውን የእንጀራ በር መክፈቻ ከሆነ፣ በብዛት በር የሚዘጋበት ጣቱን በሥራ የጨረሰው ሰው ነው።

አንድ ስም፣ ሦስት አጻጻፍ

የኛ አካባቢ የራሱ የሆነ ችግርም አለው። ጫልቱ የምትባል ልጅ እንውሰድ። በኦሮሚያ ትምህርት ቤት ስለተማረች የስምንተኛ ክፍል ካርዷ ላይ ስሟ በቁቤ ተጽፏል። በቁቤ «ጨ» የምትጻፈው «ሲ» በምትባለው የላቲን ፊደል ብቻ ነው፤ ረጅም አናባቢም በድርብ ፊደል ይጻፋል። ዩኒቨርሲቲ ስትገባ ዲግሪዋ ላይ በእንግሊዝኛ አጻጻፍ «ሲ» እና «ኤች» ተደርጎ ተጻፈላት፣ አናባቢዎቹም ነጠላ ሆኑ። ፋይዳ ስትመዘገብ ደግሞ በአማርኛና በእንግሊዝኛ ተመዝጋቢው እንደመሰለው ጻፈው። ሰውየዋ አንድ ናት፤ ስሟ ሦስት ዓይነት ነው። ኮምፒዩተር ፊደል ለፊደል ካመሳከረ «አይመሳሰልም» ይላል። ቀጣሪው ደግሞ «አይመሳሰልም» የሚለውን «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይተረጉመዋል።

የልደት ቀኑም እንደዚሁ ነው። የልደት ምዝገባ በዘመናዊ መልኩ በመላ ሀገሪቱ የተጀመረው በነሐሴ 2008 ዓ.ም. መግቢያ አካባቢ... ይኸውም በ2008 መጨረሻ ነው፤ ዛሬ ሥራ የሚፈልገው ወጣት ከዚያ በፊት የተወለደ ነው። አንዱ ሰነድ ላይ በኛ አቆጣጠር፣ ሌላው ላይ በፈረንጅ ይጻፋል። በኛ 1995 የተወለደው በእነሱ 2002 ወይም 2003 ነው። ይህን የማያውቅ ፕሮግራም ልጁን በሰባት ዓመት ያሳንሰዋል፤ ያኔ ሃያዎቹን የጀመረ ጎልማሳ ሕፃን ሆኖ ይገኛል።

ስልክም አለ። የማረጋገጫ ቁጥሩ የሚላከው በምዝገባ ጊዜ ወደተሰጠው ስልክ ነው። በወንድሟ ወይም በባሏ ስልክ የተመዘገበች ሴት ሥራ ለመቀጠር በፈለገች ቁጥር የሱን ፈቃድ መጠየቅ አለባት ማለት ነው። ኔትወርክ ራሱስ? ሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. የአምቦው ልጅ አርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ መገደሉ በተሰማበት ዕለት በመላ ሀገሪቱ የተቋረጠው ኢንተርኔት ለሦስት ሳምንት ያህል አልተመለሰም ነበር። ኢንተርኔት የሌለበት ሳምንት ሥራ የማይገኝበት ሳምንት መሆን የለበትም።

ይህን የምዘረዝረው ፋይዳ ይቅር ለማለት አይደለም። ዋስን የሚያህል በር ለመስበር የመጣ መሣሪያ፣ ራሱ ሌላ በር ሆኖ እንዳይገተር ነው።

«ገንዘቤንስ ማን ይመልስልኛል?»

ይህን ሐሳብ ስናገር ካፌ ያለው ሰው የሚመልስልኝ መልስ ይኸው ነው። «ፋይዳው ማን እንደሆነች ይነግረኛል። ካዝናውን ይዛ ብትጠፋስ? ፋይዳ ገንዘቤን ይመልሳል?» ትክክለኛ ጥያቄ ነው፤ በማላገጥ የሚታለፍ አይደለም። ትንሽ ካፌ የአንድ ቀን ሽያጩ ከተወሰደበት የወሩ ኪራይ ይጎድልበታል።

ግን በተራዬ ልጠይቅ፤ ዋሱስ ይመልሳል? የፍትሐ ብሔር ሕጋችን በ1952 ዓ.ም. የወጣ ነው። አንቀጽ 1922 የዋስትና ውል ዋሱ የሚጠየቅበትን ከፍተኛ የገንዘብ መጠን ካልገለጸ ዋጋ እንደሌለው ይደነግጋል። አሁን በየመሥሪያ ቤቱ የሚሞሉትን ቅጾች አውጥታችሁ እዩ። «ለሚያደርሰው ማናቸውም ጥፋትና ጉድለት ኃላፊ ነኝ» የሚል እንጂ «እስከ ይህን ያህል ብር» የሚል ስንቱ ላይ አለ? ቀጣሪው ይዞት የሚተኛው ወረቀት ፍርድ ቤት ሲደርስ ዋጋ ላይኖረው ይችላል። ዋጋ ኖሮት ሥራውን የሠራው በአንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ዋስ የሌለውን ልጅ ከበር በመመለስ።

ገንዘብን በሚመለከት ከዋስ የተሻለ መንገድ ቀድሞም አለ። የኢንሹራንስ ኩባንያዎቻችን የታማኝነት ዋስትና የሚሉትን ይሸጣሉ፤ ሠራተኛ በማጭበርበር ለሚያደርሰው ጉዳት ካሳ የሚከፍል ነው። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው። በአምቦ ያሉ ካፌዎችና ሆቴሎች በማኅበር ሆነው በጋራ ቢገዙት ለእያንዳንዱ የሚደርሰው ወጪ ይቀንሳል። እስከ ዛሬ ለኢንሹራንሱ ከባድ የነበረው ነገር ሠራተኛው በትክክል ማን እንደሆነ ማወቅ ነው፤ አንድ ሰው በሌላ ስም ሌላ ከተማ ሊቀጠር ይችል ነበር። ፋይዳ የሚዘጋው ይህን ቀዳዳ ነው። ማንነትን መንግሥት ያረጋግጣል፣ ኪሳራን ኢንሹራንስ ይሸከማል፣ ጠባይን የሙከራ ጊዜ ይፈትናል። ሦስቱንም በአንድ መምህር አጎት ትከሻ ላይ መጫን ቀርቶ ማለት ነው።

አንድ የሚገርም ነገር ልጨምር። ከጊንጪ ተነስታ ለሥራ ወደ ዓረብ አገር የምትሄድ ልጅ በሥራና ክህሎት ሚኒስቴር የሥራ ገበያ መረጃ ሥርዓት ላይ ትመዘገባለች፤ ውሏም በመንግሥት በኩል ያልፋል። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሲወጣ ኤጀንሲው ለሠራተኛው መብት መጠበቂያ 100 ሺህ ዶላር የሚያህል ዋስትና እንዲያስይዝ ደንግጎ ነበር። አዋጁ በኋላ በ1246/2013 ተሻሽሏል፤ መሠረተ ሐሳቡ ግን ልብ ይባል። እዚያ ዋስ የሚጠራው ላኪው ነው፣ የሚጠበቀውም ሠራተኛዋ ናት። ይህችው ልጅ ቪዛው ቀርቶ አምቦ ካፌ ልቀጠር ስትል ነገሩ ይገለበጣል፤ ዋስ አምጪ የምትባለው እሷ ናት፣ የሚጠበቀው ቀጣሪው ነው።

ስለዚህ ምን ይሁን?

የምጠይቀው አዲስ ቢሮ አይደለም፣ አዲስ በጀትም አይደለም። ያለውን ሥርዓት የሚገዛ አጭር መመሪያ ነው፤ ሥራና ክህሎት ሚኒስቴርና የክልሉ ቢሮ ተነጋግረው ሊያወጡት የሚችሉት።

ማንነቱ በፋይዳ የተረጋገጠ ሰው ለማንነቱ ዋስ አይጠየቅ። ገንዘብ ወይም ውድ ንብረት በእጁ ለሚገባ ሥራ ብቻ ዋስትና ይፈቀድ፤ እሱም ጣሪያው በብር የተጻፈ ይሁን፤ ሠራተኛው ዋስ ከሌለው ቀጣሪው ኢንሹራንስ ይግዛ። ማጣራቱ ሥራው ከተሰጠ በኋላ ይሁን፤ ቃለ መጠይቅ ሳይደረግ ፋይዳ መሰብሰብ ይቅር።

«አይመሳሰልም» የሚል መልስ ሲመጣ ለሠራተኛው በጽሑፍ ይሰጠው፤ አምቦም ሆነ ወንጪ ላይ ሆኖ፣ አዲስ አበባ ሳይመላለስ የሚያስተካክልበት በቂ የሥራ ቀን ይኑረው፤ እስከዚያ ሥራው ይቆየው። የቁቤና የእንግሊዝኛ አጻጻፍ ልዩነት፣ የዘመን አቆጣጠር ልዩነት ብቻውን የመጣያ ምክንያት አይሁን። አሻራ እምቢ ሲል በፊት ምስል ወይም ካርዱ ላይ ባለው ኪውአር ኮድ ይታይ፤ ኔትወርክ ሲጠፋ ሰውየው ሥራ ጀምሮ ኔትወርኩ ሲመለስ ይጣራ።

ቀጣሪው የሚያገኘው «አዎ» ወይም «አይደለም» ብቻ ይሁን። የፋይዳን ፎቶ ኮፒ በመሳቢያ እያጠራቀመ የሚያስቀምጥ ሆቴል መኖር የለበትም፤ የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶ እያለ እንዲህ ዓይነቱ ልማድ መቀጠሉ ያሳፍራል።

የመጨረሻው ለእኔ ዋናው ነው። ማጣራቱ ለሠራተኛውም ይሥራለት። ቀጣሪው የአንድን ሰው ማንነት በመንግሥት ሥርዓት ካጣራ፣ ያ ሰው ከዚያች ቀን ጀምሮ የታወቀ ሠራተኛ ነው። ውሉ በጽሑፍ ካልተደረገ በ15 ቀን ውስጥ የሥራ ሁኔታውን የሚገልጽ ጽሑፍ እንዲሰጠው አዋጅ 1156 ያዛል። የግል ድርጅት ሠራተኛ ጡረታ በአዋጅ 1268/2014 መሠረት 7 በመቶ ከሠራተኛው፣ 11 በመቶ ከአሠሪው ነው። ስንቱ አስተናጋጅ ነው ዓመታት ሠርቶ አንድ ቀን እንኳ ጡረታ ያልተከፈለለት? ልጁን ሲቀጥረው በኦንላይን ያወቀው ሥርዓት፣ ጡረታው ሲቀርበት «አላውቀውም» ማለት የለበትም።

ቀጣሪዎችም ቢሆኑ መመሪያ እስኪወጣ መጠበቅ አይጠበቅባቸውም። ነገ ጠዋት ማስታወቂያቸውን ሲለጥፉ «በቂ ዋስ» የምትለዋን መስመር መሰረዝ ይችላሉ። ከወንጪ ቁልቁለት፣ ከጉደር ማዶ፣ ከጌዶ ገጠር የሚመጣው ልጅ ስምና ፊቱን፣ ዓይኑንና አሥር ጣቱን ለመንግሥት አስመዝግቦ መጥቷል። ከዚህ በላይ የሚያስይዘው ነገር የለውም፤ ሊጠየቅም አይገባም።